በአውሮፕላን ሽቦ ላይ የሚፈጠር አርክን መለየት

አርክ ማለት ኤሌክትሪክ በሁለት ሽቦዎች መካከል፣ ወይም በተበጠሰ ሽቦ ክፍተት ላይ፣ አየሩን አቋርጦ ሲያልፍ የሚፈጠር ብልጭታ ነው። ሙቀቱ በሺህ የሚቆጠር ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚደርስ መዳብ ያቀልጣል። በአውሮፕላን ላይ መነሻው ብዙውን ጊዜ በንዝረት፣ በእርጥበት ወይም በእርጅና የተጎዳ የሽቦ ሽፋን ነው።

ነሐሴ 27 ቀን 1990 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2 ቀን 1998) ከኒው ዮርክ ወደ ጄኔቫ ይበር የነበረው የስዊስኤር በረራ 111 በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ አጠገብ ባሕር ውስጥ ወድቆ የተሳፈሩት 229 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። የካናዳ መርማሪዎች እንደደመደሙት፣ እሳቱ የተነሳው ከጣሪያው በላይ ባለ ሽቦ ላይ በተፈጠረ አርክ ሳይሆን አይቀርም፤ በአካባቢው የነበረው የሙቀት መከላከያ ሽፋንም በቀላሉ ተቀጣጠለ።

ብሬከር እያለ ይህ እንዴት ይሆናል? የተለመደው ብሬከር የሚሠራው በሙቀት ነው፦ ከመጠን ያለፈ ጅረት ሲያልፍበት በውስጡ ያለው ብረት ሞቆ ይጎብጥና መስመሩን ይቆርጣል። አርክ ግን ብልጭ ድርግም ስለሚል አማካይ ጅረቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል። እንዲያውም በአንድ በተበጠሰ ሽቦ ክፍተት ላይ የሚፈጠር አርክ ጅረቱን ከወትሮው ይቀንሰዋል፤ ብሬከሩ ምንም ችግር አይታየውም።

ስለዚህ አርክ ለይቶ የሚቆርጥ ብሬከር የጅረቱን መጠን ብቻ ሳይሆን ቅርጹንም ያያል። የብዙ አውሮፕላኖች ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በሰከንድ 400 ጊዜ ይመላለሳል። አርክ ሲኖር ጅረቱ በዜሮ ባለፈ ቁጥር ብልጭታው ለአፍታ ይጠፋል፣ ቮልቴጁ ሲያድግ እንደገና ይቀጣጠላል። በዚህም ሞገዱ በዜሮ አካባቢ ጠፍጣፋ ይሆናል፤ ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ረብሻም ይታከልበታል። በብሬከሩ ውስጥ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር እነዚህን ምልክቶች ይፈልጋል። ከባዱ ሥራ መለካቱ ሳይሆን መፍረዱ ነው፦ ጤነኛ ሞተርም ሲነሳ ሞገዱን ያዛባል፣ በበረራ ላይ አስፈላጊ መሣሪያን በስህተት ማጥፋት ደግሞ ራሱ አደጋ ነው። በዚህ ምክንያት ምልክቱ በተከታታይ ዑደቶች እስኪደጋገም ይጠበቃል።

ብልሽቱ የት እንዳለ ማወቅ ሌላ ጥያቄ ነው። ለዚህ በሽቦው ላይ ምልክት ተልኮ ነጸብራቁ የሚመለስበት ጊዜ ይለካል። ምልክቱ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ቢጓዝና በ100 ናኖሰከንድ ቢመለስ፣ ደርሶ መልሱ 20 ሜትር፣ ብልሽቱም 10 ሜትር ላይ ነው ማለት ነው። ሆኖም በንዝረት የሚነካኩ ሽቦዎች አውሮፕላኑ ሲያርፍ ይለያያሉ፤ የተፋቀ ሽፋን ብቻውን የሚሰጠው ነጸብራቅም እጅግ ደካማ ነው። በዩታ ዩኒቨርሲቲ እነ ሲንቲያ ፈርስ ያጠኑት ዘዴ ረብሻ የሚመስል ደካማ ኮድ ኤሌክትሪክ ባለበት ሽቦ ላይ ስለሚልክ፣ ብልሽቱን በተከሰተባት ቅጽበት፣ በበረራ ላይ እያለ ለመያዝ ያስችላል።