የግመል ዱካና ለስላሳ ጎማ

በብስክሌት በረሃ ሊወርድ የተነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚገባው ጎሚስታ ቤት ነው። “መንገዱ ክፉ ነው፣ በደንብ ሙላልኝ” ይላል፤ ጎሚስታውም ጎማውን ድንጋይ እስኪመስል ይነፋለታል። እኔም በመጀመሪያው የደናክል ጉዞዬ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። ከበራህሌ ወደ አሕመድ ኤላ በሚወርደው ደረቅ ሸለቆ ውስጥ ብስክሌቴን ከነዳሁት የገፋሁት ይበልጣል።

ሌላው ሁሉ ቀላል ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሂዱ፤ በቀን ከ8 ሊትር ያላነሰ ውኃ ያዙ፤ ያለ ፈቃድና ያለ አፋር መንገድ መሪ አትንቀሳቀሱ። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1966 በተወሰደ ልኬት የዳሎል የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበርና በዚህ ላይ ክርክር የለም። ስለ ጎማው ግን ብዙ መነጋገር አለብን።

ብስክሌቱ፣ ጓዙና ሰውየው ተደምረው 100 ኪሎ ናቸው እንበል። ጎማው 60 ፒኤስአይ ከተነፋ ይህ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው 24 ካሬ ሴንቲ ሜትር በምታህል መሬት ላይ ነው፤ የሁለቱም ጎማ ተደምሮ ሁለት የክብሪት ቀፎ አይሞላም። እንዲህ ያለ ጎማ አሸዋውን እንደ ቢላ እየሰነጠቀ ይሰምጣል። አየሩን ወደ 15 ስናወርደው ግን የሚያርፍበት ስፋት አራት እጥፍ አድጎ የሰው መዳፍ ያክላል። ክብደቱ ያው ነው፤ አሸዋው ግን ይሸከመዋል። ለዚህ 3 ኢንች የሚሆን ወፍራም ጎማ ያስፈልጋል። በቀጭኑ ከሞከራችሁት ቸርኬው ድንጋይ ላይ አርፎ ካላማዳሪያውን ይበሳዋል።

ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም፤ ውኃችንን የጫነችው የመንገድ መሪዬ ግመል ናት። ከኋላዋ ስሄድ እግሯን አስተዋልኩ። በአየር ላይ ሳለ ጠበብ ያለ ነው። ስትረግጥ ሁለቱ ጣቶቿ ይከፈታሉ፤ ከሥራቸው ያለው ስብ የሞላበት ሥጋ ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ስታነሳው ደግሞ ተመልሶ ይሰበሰባል። አሸዋው ላይ የሚቀረው ጥልቀት የሌለው፣ ዳሩ እንኳ ያልፈረሰ ሰፊ ክብ ነው። እዚያው አጠገቡ አህያ ያለፈችበት ግን በዶማ የተቆፈረ ይመስላል። ወዲያው ተቀምጬ ቫልቩን ከፈትኩ።

የጨው ቅፍለት የተመላለሰበት ዱካ ለብስክሌት ከመኪና መንገድ የሚሻለውም ለዚህ ነው። መኪና የአፈሩን መንገድ ይሸበሽበዋል። ጥፋቱ የሞላው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ሞላ የሌለው ጎማ እንኳ ከተወሰነ ፍጥነት ሲያልፍ አሸዋን እንደሚሸበሽብ አሳይቷል። የግመል እግር ግን መንገዱን ይደለድለዋል። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ በምዕራብ አውስትራሊያ የወርቅ አገር ደብዳቤ ያመላልሱ የነበሩ ብስክሌተኞች ይህን ያውቁ ነበር። ፈረስ በዚያ ደረቅ ምድር ውኃና መኖ ይፈልጋል፤ እነሱ ግን ግመሎች በደለደሉት ቀጭን ዱካ ይበሩ ነበር። አርተር ሪቻርድሰን እ.ኤ.አ. በ1896 ከኩልጋርዲ ተነስቶ የናላርቦርን ሜዳ በብስክሌት አቋርጦ አዴሌድ ገብቷል።

ብስክሌት ከመኪና የሚበልጥበት ሌላው ነገር ዳጉ ነው። አፋር ከአፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ቆሞ ወሬ ይለዋወጣል፤ ዝናብ የት ጣለ፣ ውኃ የት አለ፣ ማን አለፈ። መኪና አቧራ አልብሷቸው ያልፋል፤ ብስክሌተኛ ግን ሊቆም ይችላል፤ ሊቆምም ይገባዋል። አንድ ጠዋት አንድ ሽማግሌ አገኘንና ከመንገድ መሪዬ ጋር ቁጢጥ ብለው ተጨዋወቱ። ከፊታችን ያለው የጨው ቅርፊት ረጥቧል፣ አይሸከማችሁም፣ በግራ በኩል ዙሩ አሉን። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

“ልጄ፣ አንተስ ምን አየህ?”

“ሦስት ግመሎች አይቻለሁ” አልኩ በመንገድ መሪዬ በኩል።

“ምልክታቸው ምንድን ነው?”

የጎሳው ምልክት በግመሉ ገላ ላይ ይተኮሳል። እኔ ግን ዓይኔን ከፊት ጎማዬ አላነሳሁም ነበር። ሽማግሌው ግመል ጠፍታባቸው ሦስት ቀን ሲፈልጉ ነበር። እሳቸው ጭቃ ውስጥ ከመስጠም አዳኑኝ፤ እኔ የምመልስላቸው አንዳች ነገር አልነበረኝም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ኪሎ ሜትር ብቻ እየቆጠራችሁ አንገታችሁን ደፍታችሁ የምትነዱ ሁሉ፣ እባካችሁ ቀና በሉ። እርጥብ ቅርፊት ላይም አትንዱ፤ የሰነጠቃችሁት ቦይ ደርቆ ይቀራል።

እሾህን በተመለከተ፣ ወደ አዋሽ ተፋሰስ የሚሄድ ሰው ከግራሩ ይልቅ ፕሮሶፒስ የሚባለውን እሾሃም ዛፍ ይፍራ። የተከፈተ ማስቲሽ በሙቀቱ ስለሚደርቅ ያልተከፈተ ያዙ።

አስፋልት ስትደርሱ ጎማውን መልሳችሁ ንፉት፤ ለስላሳ ጎማ እዚያ ይጎትታል። እኔ በእጅ ፖምፓ ከ15 ወደ 35 ለማድረስ ለአንዱ ጎማ 200 ጊዜ ያህል እገፋለሁ። በዚያ መካከል ግመል ካለፈ ፖምፓውን አቁሜ ምልክቱን አያለሁ።