የጠረጴዛ መጋዝ የደኅንነት መሣሪያ፤ ወጪውና ጠቀሜታው ከእንጨት ሥራ ሥልጠና አንጻር ሲመዘን

መግቢያ

በእንጨት ሥራ ማሠልጠኛ ውስጥ ከሚገኙት መኪናዎች መካከል የጠረጴዛ መጋዝን ያህል ለብዙ ተግባር የሚውል የለም ለማለት ይቻላል። ጣውላ በቁመቱ ይሰነጠቅበታል፤ በወርዱ ይቆረጥበታል፤ ኮምፔንሳቶና ችፑድ በልክ ይከፈልበታል። በሌላ በኩል የሠልጣኙ እጅ ወደሚሽከረከር ስለት ደጋግሞ የሚቀርበውም በዚሁ መኪና ላይ ነው። ጣቱን ያጣ ወጣት የሚያጣው አካሉን ብቻ ሳይሆን ሊተዳደርበት የተማረውን ሙያ ጭምር ሊሆን ይችላል።

ካለፉት ሃያ ዓመታት ወዲህ የሰው አካል በነካው ቅጽበት ራሱን የሚያቆም የጠረጴዛ መጋዝ ለገበያ ቀርቧል። ዋጋው ግን ከተራው መኪና በብዙ ይበልጣል። ስለሆነም መኪና የሚገዙ የማሠልጠኛ ኃላፊዎችና የወርክሾፕ መምህራን አንድ ጥያቄ ያጋጥማቸዋል፤ ይኸውም ተጨማሪው ወጪ ከሚያስገኘው ጥቅም ጋር ይመጣጠናል ወይ? የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መሣሪያው የሚሠራበትን መንገድ ማስረዳት፣ ስለ ዋጋው የተካሄደውን ክርክር ማቅረብና አንድ ማሠልጠኛ ሒሳቡን እንዴት ሊያሰላ እንደሚችል ማመልከት ነው።

፩. አደጋው እንዴት ይደርሳል?

የአደጋውን ባሕርይ ለመረዳት ጥቂት ስሌት ይበቃል። ስፋቱ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ክብ መጋዝ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ሲዞር የጥርሶቹ ፍጥነት በሴኮንድ 52 ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህም በሰዓት ከ185 ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። መጋዙ 40 ጥርስ ያለው ከሆነ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከ2,600 በላይ ጥርሶች በአንድ ነጥብ ላይ ያልፋሉ። ሰው አንድን ነገር አስተውሎ እጁን ለመሰብሰብ የሚወስድበትን ጊዜ የሴኮንድ አንድ አምስተኛ ብናደርገው፣ እጁን እስኪመልስ ድረስ ከ500 የማያንሱ ጥርሶች ያልፉበታል። ከዚህ የምንረዳው ቅልጥፍናና ንቃት፣ እጅ ስለቱን ከነካ በኋላ፣ ምንም የሚፈይዱት ነገር አለመኖሩን ነው።

እጅ ወደ መጋዙ የሚገባውም ሁልጊዜ በግድየለሽነት አይደለም። የተሰነጠቀው ጣውላ ተመልሶ ተጋጥሞ የመጋዙን የኋላ ጥርሶች ሲቆነጥጥ፣ ወይም ጣውላው ከመምሪያው ጎን ተንሸራትቶ ከኋላ ጥርሶች ጋር ሲገናኝ፣ መጋዙ እንጨቱን ወደ ሠራተኛው ይወረውረዋል። በዚህ ጊዜ ጣውላውን ይዞ የነበረው እጅ ድጋፉን በድንገት አጥቶ ወደ ስለቱ ሊሳብ ይችላል። ጀማሪ ሠልጣኝ ይህን ምልክት ገና ስለማያውቅ ከልምድ ያለው ባለሙያ ይልቅ የተጋለጠ ነው። ልምድ ያለውም ቢሆን ድካምና መላመድ የሚያዘናጉት ጊዜ አለ።

፪. ራሱን የሚያቆመው መጋዝ አሠራር

ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1999 የፈለሰፈው አሜሪካዊው ስቲቨን ጋስ ነው። ጋስ በፊዚክስ ትምህርት የሠለጠነ፣ በሙያው ደግሞ የፈጠራ መብት ጠበቃ ነበር። አሠራሩ የተመሠረተው የሰው አካል ኤሌክትሪክን የሚያስተላልፍና የሚይዝ፣ ደረቅ እንጨት ግን ይህን እምብዛም የማያደርግ በመሆኑ ላይ ነው።

በመጋዙ ላይ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምልክት ያለማቋረጥ ይላካል። ጣት መጋዙን ሲነካ የምልክቱ ከፊል ወደ አካል ስለሚሄድ በመጋዙ ላይ ያለው መጠን ይቀንሳል። የመቆጣጠሪያው ክፍል ይህን ቅናሽ እንዳወቀ ጠንካራ ስፕሪንግ ጨብጦ የያዘውን ቀጭን ሽቦ በኤሌክትሪክ ያቃጥለዋል። የተለቀቀው ስፕሪንግ አንድ የአሉሚኒየም ጉማጅ ወደ መጋዙ ጥርሶች ይገፋል፤ ጥርሶቹ በአሉሚኒየሙ ውስጥ ተሰክተው ይቆማሉ፤ የሽክርክሪቱም ኃይል መጋዙን ከጠረጴዛው በታች ያወርደዋል። ይህ ሁሉ በሺህ ከተከፈለ ሴኮንድ በአምስቱ ገደማ ይጠናቀቃል። ቀደም ሲል በተጠቀሰው ስሌት መሠረት በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚያልፉት ጥርሶች ከ13 ወይም ከ14 አይበልጡም። ጣት ሊቆርጥ ይችል የነበረው አደጋም አብዛኛውን ጊዜ በትንሽ ጭረት ያበቃል።

ይሁን እንጂ መሣሪያው ወሰን አለው። አንደኛ፣ እጅ ወደ መጋዙ የሚገባበት ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ቁስሉ ይጠልቃል። ሁለተኛ፣ ጣውላ ተወርውሮ ደረትን ወይም ፊትን እንዳይመታ አይከላከልም፤ ከሰጋቱራ ብናኝና ከድምፅም አያድንም። ሦስተኛ፣ ፍሬኑ አንድ ጊዜ ከሠራ በኋላ የፍሬኑ ካርትሪጅና አብዛኛውን ጊዜም መጋዙ ራሱ በአዲስ መተካት አለባቸው። አራተኛ፣ በጣም እርጥብ እንጨትና ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ብረት፣ የማንም እጅ ሳይነካው፣ ፍሬኑን ሊቀሰቅሱት ይችላሉ። ለዚህም ሲባል ፍሬኑን ለጊዜው የሚያግድ ቁልፍ ተደርጎለታል፤ ነገር ግን ቁልፉ በተዘጋበት ጊዜ መኪናው ከማንኛውም ተራ መጋዝ አይለይም።

፫. ስለ ዋጋው የተካሄደው ክርክር

ጋስ ፈጠራውን በመጀመሪያ ያቀረበው ለታላላቅ የመኪና ፋብሪካዎች ነበር። ከጅምላ ዋጋው 8 በመቶ ያህል የፈጠራ መብት ክፍያ እንደጠየቀ ይታወቃል። ስምምነት ባለመገኘቱ እርሱና ባልደረቦቹ ሶው ስቶፕ በተባለው ድርጅታቸው በኩል እ.ኤ.አ. በ2004 የመጀመሪያውን መኪና ለገበያ አወጡ። ከዚያ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካ የፍጆታ ዕቃዎች ደኅንነት ኮሚሽን መሣሪያው በሁሉም የጠረጴዛ መጋዞች ላይ ግዴታ እንዲሆን አቤቱታ አቅርበው ነበር።

ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ረቂቅ ደንብ፣ በ2015 ብቻ ከ30,000 በላይ ሰዎች የጠረጴዛ መጋዝ ስለት በመንካታቸው ለድንገተኛ ሕክምና እንደቀረቡና ከእነዚህም 4,700 ያህሉ የአካል መቆረጥ እንደደረሰባቸው ገምቷል። በሌላ ወገን ደንቡ ቢጸድቅ የአነስተኛ መኪናዎች ዋጋ ከ200 እስከ 500 ዶላር፣ የትላልቆቹ ደግሞ ከ350 እስከ 1,000 ዶላር ሊጨምር እንደሚችል አስልቷል። ሁለቱን አመዛዝኖ ለአገሪቱ በጠቅላላው ከወጪው የሚበልጥ ጥቅም ይገኛል ከሚል ድምዳሜ ደርሷል።

ተቃዋሚዎቹ ያነሧቸው ነጥቦች በቀላሉ የሚታለፉ አልነበሩም። ደንቡ የፈጠራው መብት ያለውን አንድ ድርጅት ብቻ የገበያው ባለቤት ያደርጋል፤ አቅም የሌለው አናጢ አሮጌውን መኪና ይዞ እንዲቆይ ወይም ይበልጥ አደገኛ በሆነ ዘዴ እንዲሠራ ይገፋፋል፤ ሠራተኛው በመሣሪያው ተማምኖ ጥንቃቄውን ያላላል ብለዋል። የመጀመሪያው ሥጋት መሠረት እንደነበረው የሚያሳይ ማስረጃ አለ። ቦሽ የተባለው ፋብሪካ መጋዙን ሳይጎዳ ወደ ታች የሚያወርድ ሌላ መኪና ቢያቀርብም፣ የአሜሪካ የዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 የሶው ስቶፕን የፈጠራ መብት ይጥሳል በማለት ወደ አገሪቱ እንዳይገባ አግዶታል። እ.ኤ.አ. በ2024 ሶው ስቶፕ ደንቡ ከጸደቀ ዋነኛ የሆነውን የፈጠራ መብቱን ለሕዝብ እንደሚለቅ ቢያስታውቅም፣ ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2025 ረቂቁን አንሥቷል። ስለሆነም ሃያ ዓመት ያስቆጠረው ክርክር ያለ አስገዳጅ ደንብ ተቋጭቶ፣ ውሳኔው ለገዢው ተትቷል።

ከዚህ ታሪክ ለትምህርት ሰዎች የሚጠቅመው ዋናው ነጥብ፣ ወጪውን የሚከፍለውና ከአደጋው የሚድነው ሁልጊዜ አንድ ሰው አለመሆኑ ነው። የመኪናው ዋጋ የሚወጣው ከማሠልጠኛው በጀት ሲሆን፣ የጣቱ ዋጋ የሚከፈለው ግን ከሠልጣኙና ከቤተሰቡ ነው። በሁለት የተለያዩ መዝገቦች ላይ የተጻፈ ሒሳብ እንደ አንድ ካልተነበበ ርካሹ መኪና ዘወትር የሚያዋጣ መስሎ ይታያል።

፬. ሒሳቡ በማሠልጠኛ ደረጃ እንዴት ይሰላል?

ለምሳሌ ያህል አንድ ማሠልጠኛ ፍሬን ላለው መጋዝ ከተራው መኪና 1,500 ዶላር አብልጦ ከፈለ እንበል። መኪናው 15 ዓመት ቢያገለግልና በየዓመቱ 30 ሠልጣኞች ቢማሩበት በጠቅላላው 450 ሠልጣኞች ይሆናሉ። ጭማሪው ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ ሲካፈል 3 ዶላር ከ33 ሳንቲም ብቻ ይደርሳል።

ነገር ግን ስሌቱ በዚህ ካበቃ ጎደሎ ነው። ፍሬኑ በእርጥብ እንጨት ወይም በብረት ምክንያት በዓመት አንድ ጊዜ ያለ ቦታው ቢሠራ፣ ለካርትሪጅ 100፣ ለመጋዝ ደግሞ 60 ዶላር ቢያስወጣ፣ በ15 ዓመት 2,400 ዶላር ይሆናል። ይህም ከመነሻው የዋጋ ጭማሪ ይበልጣል። ሁለቱ ሲደመሩ 3,900 ዶላር፣ ለአንድ ሠልጣኝም 8 ዶላር ከ67 ሳንቲም ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ግዢ ሲታቀድ መታየት ያለበት የመኪናው ዋጋ ብቻ ሳይሆን የመለዋወጫውም ጭምር ነው።

በዓመት ሲታይ ወጪው 260 ዶላር ነው። አንድ ከባድ ጉዳት በሕክምና፣ በተቋረጠ ሥልጠናና ባልተገኘ ገቢ 20,000 ዶላር ያህል ያሳጣል ተብሎ ቢታሰብ፣ መሣሪያው በ77 ዓመት አንድ አደጋ ብቻ ቢከላከል እንኳ ወጪውን ይመልሳል ማለት ነው። ቁጥሮቹ ለማስረጃ ያህል የተወሰዱ ስለሆኑ እያንዳንዱ ማሠልጠኛ የራሱን ዋጋና የራሱን የአደጋ መዝገብ ሊተካባቸው ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አስፈላጊ ነው። የጉዳት ዋጋ የሚገመተው በታጣው ደመወዝ ከሆነ፣ ደመወዝ ዝቅተኛ በሆነበት አገር ጣትም ርካሽ ሆኖ ይወጣል፤ ስሌቱም መሣሪያውን አትግዙ ሊል ይችላል። ይሁን እንጂ በእጁ ጉልበትና ጥበብ ብቻ የሚተዳደር ሰው ጣቱን ሲያጣ የሚደርስበት ጉዳት ሌላ መተዳደሪያ ካለው ሰው ይከብዳል እንጂ አይቀልም። በመሆኑም የገንዘብ ስሌት ለውሳኔ ይረዳል እንጂ ራሱ ውሳኔ አይደለም።

፭. ከግዢው በፊት የሚቀድሙ ጥንቃቄዎች

በጀቱ ውስን የሆነ ማሠልጠኛ ሌላም ጥያቄ አለበት። ያው 1,500 ዶላር በሌላ መንገድ ቢውል ከዚህ የበለጠ እጅ ያድናል ወይ? በብዙ ወርክሾፖች ውስጥ መልሱ አዎን ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም ርካሾቹ መከላከያዎች ገና አልተሟሉም፤ ወይም ተሟልተው ሳለ ተነቅለው ጥግ ተቀምጠዋል።

ከእነዚህ ቀዳሚው ከመጋዙ በስተኋላ ቆሞ የተሰነጠቀውን ጣውላ የሚለየው የብረት ስለት ነው። ይህ ስለት እንጨቱ ተመልሶ መጋዙን እንዳይቆነጥጥ ስለሚያደርግ የመወርወርን አደጋ ከምንጩ ይቀንሳል። ሁለተኛው የመጋዙ ክዳን ነው። ሦስተኛው እጅን ከስለቱ የሚያርቅ መግፊያ እንጨት ሲሆን፣ ይህን ሠልጣኞች ራሳቸው ከቁርጥራጭ ጣውላ ሊሠሩት ይችላሉ። አራተኛው ሥነ ሥርዓት ነው፤ ጣውላን ያለ መምሪያ በእጅ ብቻ ይዞ አለመሰንጠቅ፣ የቁመት መምሪያውንና የወርድ መቁረጫ መምሪያውን በአንድነት አለመጠቀም፣ መጋዙን ከጣውላው ውፍረት በጥቂቱ ብቻ ከፍ ማድረግ፣ ከመጋዙ ትይዩ አለመቆም።

እነዚህ ሳይሟሉ ፍሬን ያለው መኪና መግዛት ጣራው የሚያፈስ ቤት ውስጥ ምንጣፍ እንደማንጠፍ ይቆጠራል። እነዚህ ከተሟሉ በኋላ ግን ፍሬኑ ተጨማሪ ጌጥ አይደለም፤ ሰው በሚዘነጋባት ቅጽበት የሚቀረው የመጨረሻ መከላከያ እርሱ ነው። ክዳን ይነቀላል፤ መግፊያ እንጨት ይረሳል፤ ፍሬኑ ግን የሠልጣኙን ማስታወስ አይጠብቅም።

በአገራችን ሁኔታ ልዩ ጥንቃቄ የሚሹ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው በቅጡ ሳይደርቅ ወደ ወርክሾፕ የሚገባው የባሕር ዛፍ ጣውላ ነው። እርጥቡን እንጨት በዚህ መኪና ላይ መሰንጠቅ ፍሬኑን ያለ ቦታው ሊያሠራ ስለሚችል፣ ጣውላን ማድረቅ ለሥራው ጥራት ብቻ ሳይሆን ለመሣሪያው ቁጠባም ግዴታ ይሆናል። ሁለተኛው መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ መሆኑ ነው። ካርትሪጅ ያለቀበት መኪና ወይ ሥራ ይፈታል፤ ወይም የደኅንነቱን ሥርዓት ለማለፍ መንገድ ይፈለግለታል። የኋለኛው ከሁሉ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ሠልጣኙ አለ ብሎ የሚተማመንበት መከላከያ በእርግጥ የለም።

ሠልጣኞች ለትብብር ሥልጠና ወደ ድርጅቶች በሚላኩበት ጊዜም የሚያገኙት መኪና አብዛኛውን ጊዜ ፍሬን የሌለው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያስተምር ያስገድዳል። ይሁን እንጂ በማሠልጠኛው ሳለ በፍሬኑ ብቻ ተማምኖ የተማረ ወጣት በዚያ ሥፍራ ለአደጋ ይጋለጣል። ስለዚህ መምህሩ ፍሬን ባለው መኪና ላይ ሲያስተምርም ፍሬን እንደሌለው አድርጎ ማስተማር ይኖርበታል።

ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከተው ራሱን የሚያቆመው መጋዝ እውነተኛ ጥቅም ያለው መሣሪያ ነው። ጀማሪዎች በብዛት በሚፈራረቁበት ማሠልጠኛ ውስጥ ወጪው ለብዙ ሠልጣኞች ስለሚከፋፈል፣ አደጋውም ከሌላው ሥፍራ ስለሚያይል፣ ሚዛኑ ከግል ወርክሾፕ ይልቅ ወደ መግዛቱ ያደላል። ይህ የሚሆነው ግን ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ መሠረታዊ መከላከያዎች ቀድመው በየመኪናው ላይ ሲገኙ፣ የመለዋወጫው ወጪ በየዓመቱ በጀት ውስጥ ሲያዝ፣ እንዲሁም የደረቀ እንጨት ሲቀርብ። እነዚህ ገና ያልተሟሉለት ማሠልጠኛ ገንዘቡን አስቀድሞ ለእነርሱ ቢያውል ይመረጣል።

ከዚህም ሌላ ስሌቱ ራሱ ጥሩ የማስተማሪያ ርእስ ነው። ሠልጣኞች የመጋዙን ፍጥነት፣ በአንድ ቅጽበት የሚያልፉትን ጥርሶችና የአንድን ጉዳት ወጪ በራሳቸው እጅ ቢያሰሉ፣ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ማስጠንቀቂያ የበለጠ ትምህርት ያገኙበታል። ነገ የራሳቸውን ወርክሾፕ ሲከፍቱ መኪና የሚገዙት እነርሱ፣ የሚቀጥሯቸውም ወጣቶች በዚያ መኪና ላይ የሚቆሙት ናቸውና።