የሷ አራት፣ የኔ አሥራ ስድስት ለምን ሆነ?

የፍቅርና የትዳር ጨዋታችንን ለዛሬ ገታ እናድርገውና ስለ ጤና እናውጋ። «ደግሞ የበሽታ ወሬ!» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። ነገሩ እኔው ቤት የደረሰ ነው። ከጥፋቱም ግማሹ የኔ ነው።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ሐኪም አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ በብዕሬ የማድር ሰው ነኝ። ስለ ጡት ካንሰር የማውቃትን ያህል ያወቅኩት ታላቅ እህቴን ሳስታምም፣ ሆስፒታል አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሰማሁትን በደብተር እየጻፍኩ ነው።

እህቴን «እታለም» ነው የምላት፤ ስሟ ይቆየን። ይህ ሲሆን በ2015 ዓ.ም. ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ የሁለት ልጆች እናት ናት። ጡቷ ላይ የዳሰሰችውን እብጠት «ትንሹን ልጅ ጡት ሳስጥለው የቀረ ወተት ነው» እያለች ስድስት ወር ሙሉ ደበቀችን። አያምማትም ነበራ! የማያም እብጠት ምን ያደርጋል ብላ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለካ ለኛም ኖሯል። ኋላ ተመረመረች፣ ቀዶ ጥገናው ተደረገላት፣ ቀጥሎ ኬሞ ታዘዘ። ጣጣው የመጣው እዚህ ላይ ነው።

አግዳሚው ወንበር ላይ

ኬሞ ለመውሰድ ተራ የሚጠብቁ ሴቶች መጀመሪያ የሚጠያየቁት ስም አይደለም። «አንቺ ስንት ተባልሽ?» ነው የሚባባሉት።

እታለም የተባለችው አሥራ ስድስት ነው። አራት ዙር በየሦስት ሳምንቱ «ቀዩን»፣ ማለትም ዶክሶሩቢሲን የሚባለውን፣ ከሳይክሎፎስፋማይድ ጋር ትወስዳለች። ከዚያ ፓክሊታክሴል የሚባል ሌላ መድኃኒት በየሳምንቱ አሥራ ሁለት ጊዜ። ሲደመር ስድስት ወር ያህል ነው።

አጠገቧ የሚቀመጡት ሃምሳን ያለፉ የቢሮ ሠራተኛ ደግሞ አራት ዙር ብቻ ነው የተባሉት። ቀዩም የለበትም። ዶሴታክሴልና ሳይክሎፎስፋማይድ በየሦስት ሳምንቱ ወስደው በሦስት ወር ይገላገላሉ። ከሳቸው ቀጥላ ያለችው የሃያ ዘጠኝ ዓመት ልጅ የምትወስደው መድኃኒት ከእታለም ጋር አንድ ነው፤ ግን ሁሉንም በየሁለት ሳምንቱ፣ ነጭ የደም ሴል ከፍ ከሚያደርግ መርፌ ጋር ነው የምትወስደው። በአራት ወር ትጨርሳለች። ጥግ ላይ ያለችው ነጋዴ ሴት ከኬሞው ጋር ትራስቱዙማብ የሚባል መድኃኒት ታዞላታል፤ እሱ አንድ ዓመት ይፈጃል።

አራት ሴቶች፣ አንድ ጡት ካንሰር፣ አራት ዓይነት ትእዛዝ!

ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ እታለም ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብላ፣ «አየሽ አይደል? ዘመድ ያለው በአራት ይገላገላል። የኔ ቢጤው አሥራ ስድስት ጊዜ ይቀቀላል» አለችኝ። እኔ ታዲያ ምን ብላት ጥሩ ነው? «እውነትሽን ነው» አልኳት። ሳላውቅ፣ ሳልጠይቅ፣ ለማጽናናት ብዬ!

አራተኛው ቀይ አለቀ። ፀጉሯ ካለቀ ቆይቷል፤ ቅንድቧም ሄዷል። አፏ ቆስሎ እንጀራ መጉረስ አቅቷታል። የአዲሱ መድኃኒት ቀጠሮ ደርሶ ጠዋት ልቀሰቅሳት ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

«አራት ወሰድኩ። እሳቸውም አራት ነው የወሰዱት። በቃኝ!»

ብለምን፣ ባለቅስ ወይ ፍንክች! አንድ ሳምንት አለፈ። ሁለተኛውም አለፈ። በሦስተኛው ደብተሬን ይዤ ብቻዬን ሐኪሟ ዘንድ ሄድኩ።

ዶክተሯ ምን አለችኝ?

በሩ ላይ ያለው ወረፋ ለጉድ ነበር። ዶክተሯ ግን ነገሩን ስነግራት እስክሪብቶውን ከእጄ ተቀበለችኝ። «እህትሽና እኚያ ሴትዮ በሽታቸው ስሙ አንድ ነው እንጂ በሽታው አንድ አይደለም» አለችኝና ደብተሬ ላይ አራት ነገሮች ጻፈች።

አንደኛ፣ እብጠቱ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? ሁለተኛ፣ ካንሰሩ ብብት ሥር ወዳሉት ንፍፊቶች ደርሷል ወይስ አልደረሰም? ሦስተኛ፣ የካንሰሩ ሴል ምን ይመገባል? አራተኛ፣ የታማሚዋ ልብ፣ ጉበት፣ ደምና ዕድሜ የትኛውን መድኃኒት ይችላል?

ሦስተኛው ቁልፉ ነው። ከተወሰደው ናሙና ላይ ሦስት ምርመራ ይሠራል። አንዳንዱ ካንሰር ኤስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የሚባሉትን የሴት ሆርሞኖች የሚቀበልበት በር አለው። አንዳንዱ ኸር ቱ የሚባል ፕሮቲን ይበዛበታል። ሦስቱም የሌሉበት ደግሞ አለ። የሆርሞን በር ያለውን፣ በሩን የሚዘጋ ወይም ሆርሞኑን የሚቀንስ ኪኒን ይገታዋል። ኸር ቱ ያለውን ትራስቱዙማብ ያገኘዋል። ሦስቱም የሌሉበትን ግን እነዚህ መድኃኒቶች አያገኙትም፤ የሐኪሙ ዋና መሣሪያ ኬሞው ነው።

የእታለም ወረቀት ምን ይላል? አራት ሴንቲ ሜትር፣ ሦስት ንፍፊት የተነካ፣ ሦስቱም የሌሉበት። የሴትዮዋ እብጠት ግን ትንሽ ናት፤ ንፍፊታቸው ንጹሕ ነው፤ ካንሰሩ የሆርሞን በር አለው። ይህን እሳቸው ራሳቸው ኋላ ወረቀታቸውን አውጥተው ነግረውናል። ልባቸው ከድሮም ደከም ያለ ስለሆነ ቀዩ አይሆናቸውም። ቀዩ መድኃኒት ልብን ሊጎዳ ይችላል፤ በዕድሜ ልክ የማይታለፍ መጠንም አለው። የልብ አልትራሳውንድ አስቀድሞ የሚታዘዘው ለዚሁ ነው።

ደግሞስ የሳቸው አራት መቼ አራት ሆነ? ከኬሞው በኋላ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን አለባቸው፤ ቢያንስ አምስት ዓመት! ይህን ታክሲ ውስጥ መቼ ቆጠርነው?

«ዘመድ ነው፣ ገንዘብ ነው የተባለውስ ሐሰት ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። ዶክተሯ አልዋሸችኝም። «እዚያ ላይ እህትሽ ግማሽ እውነት አላት» አለችኝ። የሁለት ሳምንቱ መንገድ ያለ መርፌው አይሆንም፤ መርፌው ደግሞ በየጊዜው አይገኝም፣ ሲገኝም ያስወጣል። ትራስቱዙማብም እንዲሁ ውድ ነው። «ግን» አለችኝ፣ «በሦስትና በሁለት ሳምንት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ነገር ነው፤ አቋርጦ መተው ሌላ ነገር ነው።»

ቁጥሩስ ምን ይላል?

እኔ ቁጥር ካላየሁ አላምንም። የታላላቅ ጥናቶችን ውጤት ፈልጌ ደብተሬ ላይ ገለበጥኩ።

እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት ካንሰሩ ንፍፊታቸው የደረሰ 3,121 ሴቶችን ይመለከታል። ልክ እንደ እታለም በአራቱ ቀይ ያቆሙት፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ከ100ው 65ቱ በሽታው ሳይመለስባቸው ነበሩ። ከአራቱ በኋላ ፓክሊታክሴል የጨመሩት ግን 70 ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ፓክሊታክሴልን በየሦስት ሳምንቱ አራት ጊዜና በየሳምንቱ አሥራ ሁለት ጊዜ መውሰድ ተወዳደሩ። በአምስት ዓመት የመጀመሪያው 76.9፣ ሁለተኛው 81.5 ከመቶ ሆነ። እታለም የተማረረችበት አሥራ ሁለት፣ አሸናፊው ነው!

በየሁለት ሳምንቱ ማፍጠኑስ? እ.ኤ.አ. በ2019 የ26 ጥናቶች፣ የ37,298 ሴቶች ውጤት አንድ ላይ ተሰላ። በአሥር ዓመት ውስጥ በሽታው የተመለሰባቸው፣ በዝግታው መንገድ 31.4፣ በተፋጠነው 28.0 ከመቶ ናቸው። ጥቅም አለው፤ ተአምር ግን አይደለም።

ያለ ቀዩ መሄድስ? እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነ የሦስት ጥናቶች ድምር፣ ያለ ቀዩ ስድስት ዙር የወሰዱትንና ቀዩ የተጨመረላቸውን አወዳደረ። በአራት ዓመት 88.2 ለ90.7 ሆነ። የሆርሞን በር በሌለው ካንሰር ላይ ቀዩ የበለጠ ጠቀመ። የሆርሞን በር ባለውና ንፍፊት ባልነካው ላይ ግን ብልጫ አልታየበትም። እንግዲህ ለሴትዮዋ ቀዩ መቅረቱ፣ ለእታለም መታዘዙ አድልዎ ነው? ፍረዱ።

ቤት ስገባ

ማታ ደብተሩን እታለም ጉልበት ላይ ዘረጋሁት። መጀመሪያ ያልኳት ግን ስለ ቁጥር አይደለም። «ያን ቀን እውነትሽን ነው ያልኩሽ ሳላውቅ ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት።

ከዚያ መድኃኒቶቹ ከየት እንደመጡ አጫወትኳት። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ ከአውሮፕላን እያርከፈከፈ ወገኖቻችንን የፈጀበትን የመርዝ ጋዝ ሰምታችኋል አይደል? የዚያ መርዝ የሥጋ ዘመድ የሆነ ኬሚካል እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ተጠንቶ ካንሰርን ሊያቀልጥ እንደሚችል ታየ፤ ሳይክሎፎስፋማይድ የዚያ ዘር ነው። ቀዩ የተገኘው ከጣሊያን አፈር በወጣ ረቂቅ ተሕዋስ ነው። ፓክሊታክሴል ደግሞ መጀመሪያ የተገኘው ከአንድ የአሜሪካ ዛፍ ቅርፊት ነው።

እታለም ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች። «ቅርፊት ከሆነማ የሐበሻ መድኃኒት ነው በያ!» አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት ሳልቀሰቅሳት ተነስታ ነጠላዋን ለብሳ ጠበቀችኝ።

እናንተ ብትሆኑስ?

ከዚህ ደብተር ለናንተም የሚሆን አለኝ። ለእናት፣ ለእህት፣ ለጓደኛ ኬሞ ከታዘዘ፣ ከሰው ጋር ከማወዳደር በፊት ሐኪሙን ይህን ጠይቁ፦

የናሙናው ውጤት ሦስቱን ምርመራዎች ይዟል ወይ? ካልያዘ ማወዳደር ከንቱ ነው።

ኬሞው ከቀዶ ጥገና በፊት ነው ወይስ በኋላ? ለምን? አንዳንዱ እብጠት አስቀድሞ እንዲቀንስ ይደረጋልና። ኬሞ ጨርሶ የማያስፈልጋቸው ሴቶችም አሉ፤ እሱንም ጠይቁ።

ስንት ዙር ነው? በስንት ሳምንት? ሌላ ምርጫ አለ ወይ? በሌላው ምርጫ ምን ይገኛል፣ ምን ይቀራል?

የሚገዛው የትኛው ነው? ዋጋው ስንት ነው? ገበያ ላይ ቢጠፋ ምን ይደረጋል? ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም።

መውለድ የምትፈልጉ ወጣቶች፣ ከመጀመሪያው ዙር በፊት ተናገሩ። ሳይክሎፎስፋማይድ የወር አበባን ሊያቆም፣ መውለድንም ሊያስቀር ይችላል። ሕክምናው ላይ ሳሉ ማርገዝም አይገባም፤ የሆርሞን እንክብሉ ለዚህ በሽታ አይሆንምና መከላከያውን ከሐኪም ጋር ተመካከሩ።

ሁለት ነገር ደግሞ በጥብቅ! ትኩሳት 38 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። ማስታገሻ ውጦ ማደር ነጭ ደም ላነሰው ሰው ሞት ሊያመጣ ይችላል። በዚሁ ምክንያት ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ይቅር፤ ክትፎውም በደንብ ይብሰል። የባህል መድኃኒት የምትጨምሩ ከሆነም ለሐኪሙ አትደብቁ፤ ጠበሉን ሂዱ፣ ቀጠሮውን ግን አታስቀሩ።

እታለም አሥራ ሁለቱንም ጨረሰች። ዋጋ አልከፈለችም አልልም፤ የእግሯ ጣቶች ከዚያ ወዲህ ይደነዝዛሉ፤ ነጠላ ጫማዋ ከእግሯ ወልቆ ሳታውቅ ሁለት እርምጃ ትሄዳለች። ልጆቿ ከኋላ እየሮጡ ያነሱላታል። እሷም እነሱን ስታይ ጣቷን ትረሳለች።

ለክትትል ስንሄድ ያቺው አግዳሚ ወንበር ላይ እንቀመጣለን። አንዷ አዲስ ገቢ ጠጋ ብላ፣ «እትዬ፣ እርስዎ ስንት ተባሉ?» ብላ ጠየቀቻት። እታለም ትከሻዋን ያዝ አደረገቻትና፣ «የኔን ተዪው እህቴ፤ ያንቺ ወረቀት ምን ይላል?» አለቻት።

ቸር ይግጠመን!