የደጋ ከተማ ውኃና የሃያ ዓመት ሒሳብ፤ ለነፋስ መውጫ ነጋዴዎች

ነፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ባለው የጋይንት ደጋ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በጋሸና አድርጎ ወልድያ የሚደርሰው፤ ሕዝቡም «የቻይና መንገድ» እያለ የሚጠራው አውራ ጎዳና በመካከልዋ ያልፋል። የጋይንት ገብስና ስንዴ፣ ድንችና ባቄላ፣ በግና ቆዳ የሚጫነው፤ ጨው፣ ስኳር፣ ዘይትና ቆርቆሮም የሚራገፈው በዚሁ መሥመር ነው። ለንግድ እንዲህ የተመቸው ስፍራ ግን ለውኃ የተመቸ ሆኖ አልተገኘም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ደጋው የውኃ መክፈያ ስለሆነ በላዩ የሚወርደው ዝናብ ከፊሉ በበሽሎ በኩል ወደ ዓባይ፣ ከፊሉም ወደ ተከዜ ይሄዳል። በስተ ምዕራብ ያለው ታላቁ የጉና ተራራም ርብንና ጉማራን አመንጭቶ ወደ ጣና ይልካል። ስለዚህ በክረምት ጎርፍ የሚያስቸግረው ሀገር በበጋ ጀሪካን ይዞ ሲሰለፍ ቢታይ ሊያስደንቅ አይገባም፤ ውኃው ይወለድበታል እንጂ አይቀመጥበትም።

የውኃ ጉዳይ የመንግሥትና የመሐንዲሶች ብቻ እንጂ የነጋዴ አይደለም የሚል አስተያየት በብዙዎች ዘንድ ይሰማል። ይህ አስተያየት ስሕተት መሆኑን ሒሳቡን የሚያውቅ ባለ ሆቴል ይመሰክራል። ቧንቧው በደረቀ ቀን በአህያ ወይም በጋሪ የሚመጣው ውኃ ከቧንቧው ዋጋ ብዙ እጥፍ ያስከፍላል፤ ይህም ወጪ በሻይ ዋጋ፣ በዳቦ ዋጋ፣ በአልጋ ኪራይ ላይ ይታከላል። ጭነት መኪናውን አቁሞ ለማደር ያሰበ ነጂም የሚታጠብበት ውኃ ከሌለ ወደሚቀጥለው ከተማ ይነዳል።

የከተማ የውኃ ዕቅድ ከነጋዴ መዝገብ ብዙ የሚለይ አይደለም። ገቢ አለው፤ ይኸውም ከምንጭና ከጉድጓድ የሚገኘው ነው። ወጪ አለው፤ ይኸውም ሕዝቡ የሚጠጣውና የሚሠራበት ነው። ጉድለትም አለው፤ ይኸውም ከቧንቧ እየፈሰሰ በመንገድ የሚቀረው ነው። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው ሁለተኛው የዕድገትና የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለከተሞች እንደ ሕዝባቸው ብዛት የውኃ መጠን ወስኖ ነበር። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው ከተማ በቀን ለአንድ ሰው 100 ሊትር፤ ከ20,000 እስከ 50,000 ሕዝብ ላለው 50 ሊትር፤ ከዚያ በታች ለሆነው 40 ሊትር እንዲሆን ታስቦ ነበር። ሃምሳ ሊትር ማለት ሁለት ጀሪካን ተኩል ነው።

እንግዲህ ሃያ ሺህ ሰዎች የሚኖሩባትን አንዲት የደጋ ከተማ ለምሳሌ እንውሰድ። ለእያንዳንዱ ሰው 50 ሊትር ለማድረስ በቀን 1,000 ሜትር ኩብ ውኃ ያስፈልጋል። ነገር ግን ከመቶው 35 እጅ የሚሆነው በመንገድ የሚጠፋ ቢሆን፣ ከጉድጓዱ መውጣት የሚገባው 1,000 ሳይሆን ወደ 1,540 ሜትር ኩብ ነው። ጉድለቱን ከመቶ ወደ 20 እጅ ዝቅ ማድረግ ቢቻል ደግሞ 1,250 ይበቃል። ልዩነቱ በቀን 290 ሜትር ኩብ ያህል ሲሆን፣ ከዚህም 20 እጁ በመንገድ የሚቀር ቢሆን እንኳ አንድም አዲስ ጉድጓድ ሳይቆፈር ለ4,600 ያህል ሰዎች የሚበቃ ነው። የሕዝቡ ብዛት በዓመት ከመቶ አራት እጅ የሚጨምር ከሆነ ከተማዪቱ በ18 ዓመት ውስጥ እጥፍ ትሆናለች። የውኃ ዕቅድ ለሃያ ዓመት ይዘጋጅ የሚባለውም ስለዚህ ነው፤ ለዛሬው ሕዝብ ብቻ የተሠራ ቧንቧ ዕዳው ተከፍሎ ሳያልቅ ይጠባል።

ይህ ነገር በወረቀት ላይ ብቻ ያለ እንዳይመስል የአዲስ አበባን ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በስዊሱ መሐንዲስ በአልፍሬድ ኢልግ አማካይነት ውኃ ከእንጦጦ በቧንቧ ወደ ቤተ መንግሥት ገባ። ከተማው እየሰፋ በሄደ ጊዜ በ1930ዎቹ ዓ.ም. የገፈርሳ ግድብ ተሠራ፤ እርሱም ሳይበቃ ቀርቶ በ1940ዎቹ ከፍ እንዲል ተደረገ። ቀጥሎ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የለገዳዲ ግድብ በቀን 50,000 ሜትር ኩብ ከሚያጣራ ጣቢያ ጋር ሥራ ጀመረ፤ ጣቢያውም ከጊዜ በኋላ ከሦስት እጥፍ በላይ እንዲያድግ ግድ ሆነ። በ1991 ዓ.ም. የድሬ ግድብ ታከለ፤ ከዚያም ወዲህ የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ከከተማው ውኃ ትልቅ ድርሻ ያዙ። የገርቢና የሲቢሉ ግድቦች ጥናት ከብዙ ዓመታት በፊት የተዘጋጀ ቢሆንም ግድቦቹ በታሰበላቸው ጊዜ አልደረሱም፤ ሕዝቡም ውኃን በፈረቃ መጠበቅን ለመደ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ነጋዴ ሊያስተውለው የሚገባው ግድቦቹን ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ አዲስ ምንጭ በተከፈተ ጊዜ ችግሩ ያለፈ መስሎ ታየ፤ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ግን ፍላጎቱ ምንጩን ቀደመው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ተመርቶ ገንዘብ ሳያስገኝ የሚጠፋው ውኃ፣ የከተማው የውኃ መሥሪያ ቤት ራሱ በተለያዩ ዓመታት እንዳስታወቀው፣ ከሦስት እጅ አንዱን እጅ ያህል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ነበር። ከመጋዘኑ ሢሶው በየቀኑ የሚጎድልበት ነጋዴ በመጀመሪያ የሚያደርገው ሌላ መጋዘን መከራየት ሳይሆን በሩን መፈተሽ ነው። ግድብ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፤ አሮጌ ቧንቧ ሲለወጥ ግን የሚያጨበጭብ ሰው የለም።

ከአዲስ አበባ ይልቅ ለደጋ ከተማ የሚቀርበው ምሳሌ የሐረር ነው። ሐረር ለብዙ ዓመታት ውኃዋን የምታገኘው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ ቅርብና ለዓይንም ሰፊ ስለነበረ ያልቃል ብሎ የጠረጠረ ጥቂት ነው። ከዚያው ሐይቅ የአወዳይና የሐረማያ ከተሞች ይቀዱ ነበር፤ በዙሪያው ያለው ገበሬም ጫቱንና አትክልቱን ለማጠጣት የውኃ መሳቢያ ሞተር ተከለ። ጫት ደግሞ ለውጭ ገበያ የሚቀርብ፣ ገንዘብ የሚያስገባ ሸቀጥ ነው፤ ስለዚህ ሞተሩ ከዓመት ወደ ዓመት በዛ። በሌላ በኩል የተራቆተው ኮረብታ አፈሩን ወደ ሐይቁ ያወርድ ነበር። ውኃው ከላይ እየተቀዳ፣ ደለሉ ከታች እየተከመረ፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ውስጥ ሐይቁ ደረቀ፤ ቀድሞ ጀልባ ይንሳፈፍበት በነበረው ሜዳ ላይ ከብት ተሰማራ።

በዚያን ጊዜ የሐረር ነጋዴ የደረሰበትን ለመገመት አያስቸግርም። ለከተማዪቱ በመጨረሻ የተገኘው መፍትሔ በድሬዳዋ አቅራቢያ ካለው ዝቅተኛ ቆላ ውኃ ከጉድጓድ አውጥቶ በብዙ ኪሎ ሜትር ቧንቧ ሽቅብ ወደ ደጋው መግፋት ነበር። ይህም ማለት ቀድሞ ከደጅ ይቀዳ የነበረው ውኃ ከዚያ ወዲህ ለያንዳንዱ ሊትር የኤሌክትሪክ ኃይል ዋጋ የሚከፈልበት ሆነ ማለት ነው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሐይቁ ስፍራ ውኃ ተመልሶ መታየቱ የሚያስደስት ነው፤ ይሁን እንጂ አንድ ከተማ ሐይቁ እስኪመለስለት አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ሱቁን ዘግቶ ሊጠብቅ አይችልም።

ጎንደርም የራሷ ታሪክ አላት። በደርግ ዘመነ መንግሥት የተጀመረው የአንገረብ ግድብ ከበላዩ ካለው ታራሽ ተዳፋት በሚወርድ ደለል እየተሞላ የመያዝ ኃይሉን አጣ። በመገጭ ወንዝ ላይ የታቀደውም ሌላ ግድብ ከተያዘለት ጊዜ ብዙ ዓመታት ዘገየ፤ በመካከሉ ሕዝቡ ውኃ በተራ፣ ያውም ረጅም ቀን እየቆየ፣ ይደርሰው ነበር። እርከን ሳይሠራበት የቀረ ኮረብታ የግድብን ዕድሜ በልቶ እንደሚጨርስ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

በውጭ ሀገር የታየውም ከዚህ የራቀ አይደለም። የደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ታውን ሦስት ዓመት ዝናብ ካነሣት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 ቧንቧው ጨርሶ የሚዘጋበትን ቀን እስከ መቁጠር ደርሳ ነበር። ከዚያ አደጋ ያመለጠችው ዝናቡ እስኪመለስ ድረስ ሕዝቡ የሚጠቀመውን በመቀነሱ፣ በቧንቧው ውስጥ ያለውም ግፊት ዝቅ በመደረጉ ነው። ለአንድ ሰው በቀን የተፈቀደው 50 ሊትር ብቻ ነበር። በዚያች ሀብታም ከተማ የመከራ ጊዜ ድርጎ ሆኖ ዓለምን ያስገረመው መጠን በእኛ ሀገር ለመካከለኛ ከተማ እንደ ግብ የተያዘው መጠን መሆኑን ልብ ይሏል። ከዚህ ላይ የሚቀነስ ትርፍ የለንም፤ ልንቀንስ የምንችለው የሚባክነውን ብቻ ነው።

ወደ ነፋስ መውጫ ስንመለስ፣ በውኃ መክፈያ ላይ ያለች ከተማ ከበላይዋ ወንዝ ወርዶ አይደርስላትም። በዙሪያዋ ያሉት ምንጮች ከደከሙ የሚቀራት ከሸለቆ ሽቅብ መግፋት ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ አንድ መቶ ሜትር ከፍ ለማድረግ ወደ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኤሌክትሪክ ይፈጃል። ውኃው ከ300 ሜትር ጥልቀት የሚመጣ ቢሆን ከላይ ለተነገረው 1,000 ሜትር ኩብ በቀን 1,400 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። መብራት በጠፋ ቀን ውኃም ይጠፋል፤ ከሚገፋውም ውኃ ሢሶው በቀዳዳ የሚፈስ ከሆነ ከኤሌክትሪኩ ክፍያ ሢሶው አብሮ ይፈስሳል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለች ከተማ የረጅም ጊዜ ዕቅድ መጀመሪያው ያሉትን ምንጮች መጠበቅ ነው። ከምንጩ በላይ ያለው ተዳፋት ከልቅ ግጦሽ ይከለል፤ እርከን ይሠራበት፤ ሣርና አገር በቀል ዛፍ ይሸፈን። የዝናቡ ውኃ በአንድ ሌሊት ጎርፍ ሆኖ ከመሄድ ይልቅ ወደ መሬት ሰርጎ በጥርና በየካቲት በምንጭ የሚመለሰው በዚህ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ የነጋዴው ጥቅም ከራሱ ጥቅም ጋር የሚጋጭበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ባሕር ዛፍ ነው። የባሕር ዛፍ አጠና ፈጥኖ የሚሸጥ፣ ለገበሬውም ለነጋዴውም ጥሩ ገንዘብ የሚያመጣ ዕቃ መሆኑ አይካድም፤ የደጋው ቤትም ያለ እርሱ አይሠራም። ነገር ግን ሥሩ ውኃ በብዛት ስለሚስብ በምንጭ አፍና በረግረግ ዳር የተተከለ እንደሆነ ምንጩን ያደክመዋል። ስለዚህ የሚሻለው ዛፉን መከልከል ሳይሆን ቦታውን መለየት፣ ከምንጭ አርቆ በደረቁ ኮረብታ ላይ ማድረግ ነው። አጠና የሚገዛው ነጋዴ ከየት እንደተቆረጠ መጠየቅ ቢጀምር ከብዙ ማስታወቂያ ይበልጥ ይሠራል።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል የሚለውም ጥያቄ ተገቢ ነው። በአዋጅ ቁጥር 268/1994 የተቋቋመው የውኃ ሀብት ልማት ፈንድ ለከተሞች የውኃ አገልግሎት ብድር ይሰጣል፤ ብድር እንደመሆኑ ግን ይከፈላል። የሚከፈለውም ከውኃ ሽያጭ ስለሆነ ቆጣሪው የተበላሸበት፣ ሒሳቡ በወቅቱ የማይሰበሰብለት አገልግሎት ብድር የመሸከም ኃይል አይኖረውም። ብዙ ውኃ የሚጠቀመው ሆቴልና ዳቦ ቤት የታሪፍ ጭማሪን በጥርጣሬ ማየቱ የተለመደ ነው፤ ከቧንቧው ታሪፍና ከአህያው ዋጋ የትኛው እንደሚቀል ግን በራሱ መዝገብ ማመዛዘን ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 197/1992 ከሌላው አገልግሎት ሁሉ የቤት ፍጆታ እንዲቀድም የተደነገገ ስለሆነ፣ እጥረት በደረሰ ጊዜ ወደ ኋላ የሚቆየው የንግድ ቤቱ ውኃ መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

ማንንም ሳይጠብቅ ነጋዴው በራሱ ግቢ ሊሠራው የሚችለው አለ። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በቀን አንድ ጀሪካን ያህል ያፈስሳል፤ ይህን የሚያቆመው ጎማ ዋጋው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስፋቱ 100 ካሬ ሜትር በሆነ የቆርቆሮ ጣራ ላይ የሚወርድ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ 100 ሊትር ውኃ ነው፤ ከዚህም 80 ሊትሩን መያዝ ይቻላል። 10,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ 125 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይሞላዋል፤ ይህም የክረምቱን ዝናብ በሚገባ ለሚያገኝ ደጋ የጥቂት ሳምንታት ነገር ነው። በቀን 200 ሊትር የሚያጥብና የሚያጸዳ አንድ ሻይ ቤት በዚህ ብቻ ሃምሳ ቀን ይሠራል። ሣር ክዳን ለዚህ አይሆንም፤ የከተማው ቤት ግን አብዛኛው ቆርቆሮ ነው፤ የጎደለው አሸንዳና ማጠራቀሚያ ነው። የመጀመሪያው ዝናብ የጣራውን አቧራ ስለሚያወርድ መፍሰስ አለበት፤ የሚጠጣም ከሆነ መፍላት ወይም በመድኃኒት መታከም ይገባዋል።

አሸንዳ፣ ሮቶ፣ ቆጣሪና የቧንቧ መገጣጠሚያ ከአዲስ አበባና ከባሕር ዳር የሚያመጡ ነጋዴዎች ዕቃውን ከሚያዝያ በፊት ወደ መደብራቸው ቢያስገቡ ይመረጣል። በሰኔ ዝናቡ ከጀመረ በኋላ የሚደርስ አሸንዳ የሚያገለግለው ለሚቀጥለው ዓመት ነው።