«አባ፣ አንቱ ይረፉ» ስንል ምን እያደረግን ነው?

በቆቦና በዙሪያዋ ባለው የራያ ቆላ አንድ ገበሬ ልጆቹ እስኪደርሱለት ድረስ እረፍት አያውቅም። ማሽላውን ይጠብቃል፣ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳው ይመራል፣ ገበያ በእግሩ ደርሶ ይመለሳል። ልጆቹ ሲደርሱ ግን «አባ፣ አንቱ ይረፉ» እንላቸዋለን። የወላጅን ሐቅ ለመወጣት ብለን ነው፤ ኒያችን ያማረ ነው። ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ እንዳሰብነው አይሆንም። ለአምስቱ ወቅት መስጂድ ይመላለሱ የነበሩት አባት ከጊዜ በኋላ ከደጃፋቸው አይርቁም።

ምክንያቱ ጡንቻ ነው። ያልሠራ ጡንቻ ይከሳል፤ በእርጅና ደግሞ ይፈጥናል። በ2007 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት፣ ጤነኛ አዛውንቶች 10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ ሲቆዩ ከእግራቸው ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ እንዳጡ አሳይቷል። ልብ እንበል፣ የታመሙ አልነበሩም! እግሩ የደከመ ሰው ይወድቃል፤ አንዴ የወደቀ መውጣት ይፈራል፤ የፈራ ይቀመጣል፤ የተቀመጠ ይብስ ይደክማል። ከዚያ ጀማዓው ይቀራል፣ ሽምግልናው ይቀራል፣ ለቅሶና ሠርጉም ይቀራል። አዛውንቱን ከሕመሙ በላይ የሚሰብረው ይህ ከሰው መነጠል ይመስለናል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ትንፋሽ ፈጠን እያለ ማውራት ግን የሚቻልበት እርምጃ ማለት ነው፤ በቀን ግማሽ ሰዓት ለአምስት ቀን ቢራመዱ 150ው ሞላ። ከዚህም ሌላ ሰውነትን የሚያጠነክርና ሚዛንን የሚያስጠብቅ እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ይላል። እጅን ሳይደገፉ ከመደብ ደጋግሞ መነሳትና መቀመጥ ለዚህ ይረዳል። ለጀማሪ ትንሹም ከምንም ይሻላል። በቆቦ ሙቀት ግን እኩለ ቀን አይሞከርም፤ ከፈጅር በኋላ ወይም ከዐስር በኋላ ይሁን፣ ውሃም አይረሳ። ደረት የሚወጋው፣ የሚያዞረው ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው አቁሞ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ሰላት ዒባዳ እንጂ ስፖርት አይደለም። ሆኖም በአምስቱ ፈርዶች 17 ረከዓ፣ 34 ሱጁድ አለ፤ እያንዳንዱ መነሳት ለእግር ሥራ ነው። ዛሬ በየመስጂዱ ወንበር በዝቷል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለታመመው ዒምራን ኢብን ሑሰይን ቆሞ እንዲሰግድ፣ ካልቻለ ተቀምጦ፣ ያንንም ካልቻለ በጎኑ እንዲሰግድ እንደነገሩት ቡኻሪ ዘግበዋል። ሩኽሳው ላልቻለ ነው። ሱጁድ ብቻ የከበደው ሰው፣ እንደ ብዙዎቹ ዑለማዎች፣ መቆም የሚችለውን ያህል ይቆማል፤ በሐነፊ መዝሀብ ዝርዝሩ ስለሚለይ የሰፈሩን ኢማም መጠየቅ ነው። ገና ለገና ሽበት አየን ብለን ወንበር ባናቀርብላቸው መልካም ነው።

ስለ እናቶች የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። አብዛኞቹ ቤት ስለሚሰግዱ የመስጂዱ መንገድ እንኳ የላቸውም። ውሃና እንጨቱን ከተረከብናቸው በኋላ በርበሬ መልቀሙን፣ ዶሮውን፣ ጓሮውን አንቀማቸው። ቡናውንም ሁልጊዜ ቤታቸው ከምናፈላ፣ ራቅ ያለችው ጎረቤት ዘንድ ሄደው እንዲጠጡ እናድርግ።