ጊታሯን ይዛ የተመለሰችው

እ.ኤ.አ. ጁን 11 ቀን 1988 የለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። የሚከበረው የኔልሰን ማንዴላ ሰባኛ ዓመት ልደት ነው፤ ባለ ልደቱ ግን ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወስዶ ወደ አገሩ ከተመለሰበት ከ1962 አንስቶ እስር ቤት ነው። ምሽት ላይ ስቲቪ ዎንደር ሊጫወት ሲል የአጃቢ ድምፆቹን የያዘው ዲስክ ጠፋ። ያለ እሱ አልችልም ብሎ እያለቀሰ ወጣ። መድረኩን የሚሞላ ሰው በአስቸኳይ ተፈለገ። ቀን ላይ ጥቂት ዘፈኖች ተጫውታ የወረደች አንዲት የ24 ዓመት ወጣት ጊታሯን ይዛ ብቅ አለች። ባንድ የላት፣ ከበሮ የላት። «ፋስት ካር»ን ጀመረች። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ በየአገሩ ቴሌቪዥን ፊት የተቀመጠውም ጭምር፣ አንዲት ጊታር አዳመጠ።

ትሬሲ ቻፕማን ትባላለች። በራሷ ስም የሰየመችው፣ አሥራ አንድ ዘፈኖች ያሉበት የመጀመሪያ አልበሟ ከወጣ ገና ሁለት ወሩ ነበር። ከዚያ ምሽት በኋላ በእንግሊዝም በአሜሪካም በሽያጭ አንደኛ ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት ሦስት የግራሚ ሽልማት አመጣላት። እኔን ከሽልማቱ ይበልጥ የሚገርመኝ፣ ዘፈኖቹ አጃቢ ሁሉ ሲቀርባቸው ምንም አለመጉደላቸው ነው።

ቻፕማን እ.ኤ.አ. በ1964 ኦሃዮ ግዛት ክሊቭላንድ ውስጥ ተወለደች፤ ያሳደገቻት እናቷ ናት። ጊታር የጀመረችው በስምንት ዓመቷ ነው። ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝታ ኮኔቲከት አዳሪ ትምህርት ቤት ገባች፤ ከዚያም ቦስተን አጠገብ ባለው ተፍትስ ዩኒቨርሲቲ አንትሮፖሎጂ አጠናች። በተማሪነቷ ሃርቫርድ አደባባይ መንገድ ዳር ቆማ ትጫወት ነበር። የመንገድ ዳር አድማጭ ትኬት ቆርጦ የተቀመጠ አይደለም፤ የሚጣደፈውን መንገደኛ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ምቶች ካላቆሙት አለፈ ማለት ነው። የአልበሙ ዘፈኖች ገና ሲጀምሩ ሰው የሚይዙት ለዚህ ይመስለኛል።

ብራያን ኮፐልማን የተባለ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ አፓርታይድን የሚቃወም ሰልፍ ሲያዘጋጅ የሚዘፍን ሰው ይፈልግ ነበር፤ እሷን ጠቆሙት። ሰማት፣ ልቡ እዚያው ቀረ። የሙዚቃ አሳታሚ ከነበረው አባቱ ጋር ላስተዋውቅሽ ቢላት ብዙም አልጓጓችም። እሱ ግን ከተማሪዎቹ ሬዲዮ ጣቢያ የድምፅ ቅጂዋን ፈልጎ አግኝቶ ለአባቱ አሰማ። በ1987 ከኤሌክትራ ኩባንያ ጋር ተፈራረመች። የደቡብ አፍሪካ ጥቁሮች ትግል ሁለት ጊዜ በር ከፈተላት፤ መጀመሪያ በተማሪዎች ሰልፍ፣ ቀጥሎ በዌምብሌይ።

አልበሙ የተቀረጸው ሆሊዉድ ነው። ፕሮዲውሰሩ ዴቪድ ከርሸንባም ቀደም ሲል ከዘፋኟ ጆአን ባዬዝ ጋር የሠራ ሰው ነበር። ዘመኑ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ሙዚቃውን የወረሩበት ቢሆንም እሱ ድምፅዋንና ጊታሯን ፊት አስቀምጦ ቤዙንና ከበሮውን ከኋላ አሰለፈ።

«ፋስት ካር»ን በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። አንዲት አጭር የጊታር ዜማ እየተመላለሰች ትሄዳለች። በላይዋ የምትተርከው ሴት ጠጪ አባቷን ለማስታመም ትምህርቷን ያቋረጠች ናት፤ ከወዳጇ ጋር በመኪናው ከተማዋን ጥላ መሄድ ትመኛለች። መኪናው ውስጥ ሆነው ሲበሩ የተሰማት ደስታ ትዝ ሲላት ከበሮው ይነሣል፤ ከዚያ መልሶ ይረግባል። ሄዳ ሥራ ታገኛለች፣ ልጆችም ይወለዳሉ፤ ወዳጇ ግን እንደ አባቷ መጠጥ ቤት ያመሻል። ዜማዋ ያችው ናት። ኑሮዋ ዞሮ ዞሮ እዚያው መሆኑን የምትነግረን ጊታሯ ናት።

«ቢሃይንድ ዘ ዎል» ላይ ደግሞ ጊታሩንም ተወችው። ከግድግዳው ማዶ የምትደበደብ ጎረቤቷን ጩኸት እየሰማች ሌሊቱን የምታነጋ ሴት ናት የምትናገረው። ፖሊስ ተጠርቶ ቶሎ አይደርስም፣ ሲደርስም የባልና ሚስት ጉዳይ ነው ብሎ ያልፈዋል። ዘፈኑ ሁለት ደቂቃ አይሞላም። በስንኞቹ መካከል ዝም ስትል እኛም ግድግዳው ላይ ጆሯችንን የለጠፍን ይመስለናል። ደግሜ ለመስማት ሁልጊዜ አቅም አላገኝም። ሬጌ ቀመሱ «ሺዝ ጋት ኸር ቲኬት» ከእነዚህ አጠገብ ሲቆም ቀለል ይልብኛል፤ የመጨረሻው «ፎር ዩ» ግን መልሶ ወደ አንድ ድምፅና አንድ ጊታር ይወስደናል።

ከ35 ዓመት በኋላ የካንትሪ ዘፋኙ ሉክ ኮምብስ «ፋስት ካር»ን እንደገና ዘፈነው። በ2023 የአሜሪካ የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር የዓመቱ ምርጥ ዘፈን ብሎ ሲሸልመው ክብሩ የደራሲዋ የቻፕማን ሆነ፤ ይህን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር የዘፈን ደራሲ እሷ ናት። ፌብሩዋሪ 2024 ላይ ሁለቱ በግራሚ መድረክ አብረው ተጫወቱት። ካሜራው ፊቷን ከማሳየቱ በፊት ያሳየው የጊታሩን ክሮች የሚነካኩ ጣቶቿን ነበር። ያችን አጭር ዜማ የሰማው አዳራሽ፣ ከአፏ ቃል ሳይወጣ በጩኸት ተቀበላት።