የድረ ገጽ እድሳትና የመሣሪያ ምርጫ

ዛሬ በዓለም ላይ ከሚሠሩት ታላላቅ ሥራዎች አንዳንዶቹ አንድ ባለቤት የላቸውም ብንል አንባቢያችን ሳይገረም አይቀርም። ምንጩ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ማለት የአሠራሩ ጽሕፈት ለሰው ሁሉ ተገልጦ የሚገኝ፤ የፈለገ የሚያነበው፤ የቻለ የሚያርመው፤ ያረመውንም መልሶ ለሌላው የሚያካፍለው የማኅበር ሥራ ነው። የማኅበሩ ሰዎች በየአገሩ ተበታትነው የሚኖሩ በመሆናቸው ብዙውን ጊዜ ድረ ገጹ ደጃቸውም አዳራሻቸውም ነው። ታዲያ ይህ ደጅ አርጅቷልና ይታደስ በተባለ ጊዜ ስለ ቀለሙ ቶሎ ይስማማሉ፤ ክርክሩ የሚጠናው በምን መሣሪያ እንሥራው በሚለው ላይ ነው።

ነገሩን ለማያውቁት እንግለጸው። ድረ ገጽ በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው እንደ ዎርድፕሬስ ያለው ነው። ዎርድፕሬስ በ2003 (ዓመቱን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የወጣ ሲሆን፤ አንባቢ በመጣ ቁጥር ጽሑፉን ከመዝገብ እያወጣ ገጹን ያን ጊዜውኑ ያሰናዳል። ሁለተኛው ግን ገጾቹን ሁሉ አስቀድሞ አሰናድቶ ያስቀምጣቸዋል። ይህም እንግዳ በመጣ ቁጥር ሊጥ ከማቡካት ይልቅ እንጀራውን ጋግሮ በመሶብ እንደ ማቆየት ያለ ነው። ጽሑፉ ተራ ፋይል ስለሆነ ማን ምን እንዳረመ በቀላሉ ይመዘገባል፤ ሌባም ቢመጣ የሚያንኳኳው በር ያንሰዋል። የሶፍትዌር ማኅበሮች ይህን ሁለተኛውን መውደዳቸው ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ዎርድፕሬስን የሚንቁ ወጣቶች አንድ ነገር ይረሳሉ፤ ፕሮግራም መጻፍ የማያውቅ ሰው ደብዳቤ እንደሚጽፍ ሁሉ ያለ አስተማሪ የሚጽፍበት እርሱ ነው።

ኩበርኔቲስ የተባለውን ሶፍትዌር እንውሰድ። ስሙ በግሪክኛ የመርከብ መሪ ማለት ነው። በ2014 ጉግል ለሕዝብ ያወጣው ሲሆን ሥራውም ፕሮግራሞችን በብዙ ኮምፒዩተሮች ላይ እያከፋፈለ ማስተዳደር ነው። ድረ ገጹ አስቀድሞ ይሠራ የነበረው በጄኪል ነበር። ጄኪል የጊትሃብ መሥራች ከሆኑት አንዱ ቶም ፕረስተን ወርነር በ2008 ያወጣው፤ ሩቢ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ መሣሪያ ነው። ገጾቹ እየበዙ በሄዱ ጊዜ ግን ማሰናዳቱ እጅግ ዘገየ። አንዲት ፊደል ያረመ ሰው ያረመውን ለማየት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነበረበት። በነጻ የሚያገለግል ሰው እንዲህ ሲጉላላ ምን ያደርጋል? ነገ አይመለስም።

በ2018 ማኅበሩ ጄኪልን ትቶ ወደ ሁጎ ተዛወረ። ሁጎን በ2013 የጀመረው ስቲቭ ፍራንሲያ ሲሆን፤ የተጻፈውም ጎ በተባለው ቋንቋ ነው። ፍጥነቱ አንድ ነገር ነው፤ እኛ የምናደንቀው ግን ሌላውን ምክንያት ነው። ሁጎ ብዙ ቋንቋዎችን በአንድ ቤት ውስጥ ያስተናግዳል፤ እያንዳንዱ ቋንቋ የራሱ ማኅደር አለው። ደጁም ለቻይንኛ፣ ለኮሪያኛ፣ ለጃፓንኛ፣ ለፈረንሳይኛና ለሌሎችም ተከፈተ። በራሱ ቋንቋ ማንበብ ለሚፈልግ የሴኡል ተማሪ ይህ ከማናቸውም ጌጥ ይበልጣል።

ሆኖም መሣሪያ በቀላልነቱ አይቆይም። በ2020 ገጹን ለማሳመር ዶክሲ የተባለ ማልበሻ ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ የድረ ገጹን ቅጂ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ ማሰናዳት የፈለገ ሰው ሁጎ ብቻ አይበቃውም፤ እንደ ኤንፒኤም ያሉ ሌሎች ረዳት ፕሮግራሞችም ያስፈልጉታል። ለጥቂት ፊደል እርማት ግን በጊትሃብ ገጽ ላይ እዚያው መጻፍ ስለሚቻል በሩ ጨርሶ አልተዘጋም።

ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ባልንጀሮቻችን ስለ መሣሪያ ሲጠየቁ ወዲያው ሪአክት ይላሉ። ሪአክት ፌስቡክ በ2013 ለሕዝብ የሰጠው ነው፤ ገጹ ከተመልካቹ ጋራ ብዙ ለሚመላለስበት ሥራ መልካም ነው። ነገር ግን የሚነበብ ጽሑፍ ብቻ ላለው ድረ ገጽ ብዙ ጃቫስክሪፕት መጫን ለአንዲት ፖስታ የጭነት መኪና እንደ መከራየት ይሆናል። የመኪናውን ኪራይ የሚከፍለውም በስልኩ ዳታ የሚያነበው ሰው ነው። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ይሠራ ሲባል ለምርጫው የሚቀመጡት የዛሬ ተማሪዎች ናቸውና፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ይህን የሚጠግነው ማነው ብለው ቢጠይቁ ደስ ይለናል።

ኢያን መርዶክ በ1993 የመሠረተው የዴቢያን ማኅበር በዚህ በኩል የሚያስገርም ነው። ድረ ገጹ የተሠራበት ደብልዩ ኤም ኤል የተባለው መሣሪያ የ1990ዎቹ ነው፤ ብዙ ወጣት ስሙን እንኳ አልሰማውም። በታኅሣሥ 2020 የፊቱ ገጽ ሲታደስ የውስጡ መሣሪያ አልተለወጠም። በግትርነት ብቻ አይመስለንም። በዚያ ድረ ገጽ ላይ በእያንዳንዱ የተተረጎመ ገጽ ራስጌ ትርጉሙ ከየትኛው የእንግሊዝኛ እትም እንደ ተወሰደ የሚያመለክት ምልክት ይጻፋል። ዋናው ሲታረም መሣሪያው ሁለቱን አስተያይቶ ትርጉሙ ያረጀበትን ገጽ ለተርጓሚው ያሳያል። አዲስ መሣሪያ ይግባ የሚል ሰው ቢመጣ፤ ይህን ሥራ በምን እንደሚተካው አስቀድሞ መናገር አለበት።